ከግጥሙ ሥር ያሉት ሁለት መስመሮች

ሰኞ

በላይ በስልክ የጮኸብኝ ከክፍል ወጥቼ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳላራግፍ ነው።

«ዘይነብ፣ ምንድን ነው የሠራሽው? የኑሩ እናት እኮ መርዶ አልተነገራትም!»

ክው ብዬ ቀረሁ። «እንዴት አልተነገራትም? ወር ሊሞላው አይደለም እንዴ?»

«ሰርግ አለባቸዋ! እህቱ ራህማ እሁድ ታገባለች። ሽማግሌዎቹ ሰርጉ ይለፍ ብለው ነው የያዙት። አገር ያውቃል፣ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው የማያውቁት። አንቺ ደግሞ በማተሚያ ቤት አሳትመሽ አመጣሽው!»

ወይ እኔ! ወይ የኔ ነገር!

ለራሴ እንኳ ግልጽ ይሁንልኝ፣ ከሥሩ ልጻፈው። «ዳርቻ» የምንላት መጽሔት የሦስት ሰው ሥራ ናት። ጋሽ ይመር፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪዬ፣ ያርማሉ። እኔ ጽሑፍ እሰበስባለሁ፣ እተይባለሁ። በላይ ውጫሌ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ አስቀምጦ ለአምባሰል ሰው ያዳርሳል። ወረቀቱ ደሴ ታትሞ ይመጣል፤ አጥፈን በስቴፕለር የምንመታው ግን ራሳችን ነን፣ ጋሽ ይመር ሳሎን ወለል ላይ ተዘርፍጠን። ከየግጥሙ ሥር ስለ ጸሐፊው ሁለት መስመር ትገባለች። እሷን የምጽፋት እኔ ነኝ። ሰው ከግጥሙ በፊት እሷን ነው የሚያነበው እያልኩ ስኮራባት ነው የኖርኩት።

በዚህ እትም ከኑሩ ግጥም ሥር ምን ጻፍኩ? «ኑሩ ሰይድ ከውጫሌ በላይ ካለ መንደር ነው። ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር ባሕር ላይ አረፈ፤ አላህ ይርሀመው።»

አብሮት የነበረው ልጅ ነው ከጅቡቲ የደወለልኝ። «ለአጎቱ ለሼህ አሊ ነግሬያቸዋለሁ» አለኝ። አጎትየው ካወቁ እናቲቱም አወቁ ብዬ ደመደምኩ። ውጫሌ ስወርድም ሰው ሁሉ በአፉ ሙሉ «አላህ ይርሀመው» ይላል። የተነገረ መሰለኝ። አንድ ስልክ ደውዬ አላጣራም? አንድ ስልክ!

ከሰዓት ያደረግኩት፦
— ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩትን የገጹን ፎቶ አጠፋሁ። ሥሩ ሰው «ነፍስ ይማር» እያለ ተሰልፎበታል።
— ሐይቅ ያሉትን ሁለት ሱቆች ዞሬ ያልተሸጠውን ሰበሰብኩ።
— በላይ አርብ የላክንለትን አርባ ቅጂ ቆጥሮ እንዲቆልፍበት ነገርኩት።
— ጋሽ ይመር ቤት ሄጄ አለቀስኩ። ይኸ ሥራ አይደለም፤ ግን አደረግኩት።

ማክሰኞ

ጋሽ ይመር አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው «እኔም አርሜው አሳልፌያለሁ እኮ ዘይኔ» አሉ። ነጠላ ሰረዙን አይተዋል፣ ሞቱን አላዩትም። ራሳቸው ናቸው እንዲያ ያሉት።

ምን እናድርግ? በላይ በስልክ «አቃጥሉት» ይላል። ገጹን እንቅደድ ብዬ ነበር፤ ጋሽ ይመር እንቢ አሉ። «ልጁ በሕይወቱ ያሳተመው ሁለት ግጥም ነው። አንዱን ቀድዳችሁ ልትጥሉበት ነው?» በመጨረሻ ሁለቱን መስመሮች በወረቀት ለመሸፈን ተስማማን። ነጭ ወረቀት በመቀስ እየቆራረጥን፣ በዱቄት ሙጫ እየለጠፍን ዋልን። ወገቤ ተቆረጠ። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ብርሃን ላይ ሲይዙት ፊደሉ ያሳያል። ስለዚህ እጥፍ አድርገን እንደገና ለጠፍን።

ጋሽ ይመር እየለጠፉ ድንገት ሳቅ አሉ። «በዘመናችን ሳንሱሩ ነበር የሚሸፍንብን» አሉ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ደህና ነው፣ ቢያንስ በእጃችን ያለው ተሸፈነ ብዬ ተነፈስ ስል በላይ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል።

«አንድ ጎድሏል።»

«ማን ወሰደው?»

«እሷው ናት። እናቱ። ቅዳሜ ለሰርጉ ዕቃ ልትገዛ ወርዳ ሱቁ ገብታ ነበር። እኔ አልነበርኩም። ባለቤቴ ናት የሰጠቻት። ልጄ የጻፈበት ወጥቷል ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ሰጠቻት። ሥሩ ምን እንደተጻፈ አላየችም። ምን ትበላት?»

ምን ትበላት! እውነቱን ነው። አንዲት እናት «የልጄን ግጥም ስጪኝ» ስትል ማን ይከለክላል?

እናቱ እትዬ ከድጃ ማንበብ አይችሉም። ያሁኑ ተስፋዬ እሱ ነው። ምን ዓይነት ተስፋ ነው ይኸ ደግሞ! የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ዛሬ ሰው ማንበብ ባለመቻሉ አላህን አመሰገንኩ። ግን ራህማ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ራህማ ታነባለች።

ነገ እሄዳለሁ። የተለጠፈበትን ሰጥቼ ያልተለጠፈበትን እቀበላለሁ። ቢጠይቁኝ «ያኛው የማተሚያ ስህተት አለበት» እላለሁ። ውሸት አይደለም እኮ።

ረቡዕ



ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ለምኜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ውጫሌ ስወርድ ሼህ አሊ በላይ ሱቅ በር ላይ በርጩማ ይዘው ጠበቁኝ። በላይ ነው የጠራቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

«ሼህ፣ አውፍ ይበሉኝ። አላወቅሁም።»

«አላወቅሽም። አልጠየቅሽምም» አሉ። ድምፃቸውን አልቀየሩትም። «እኛ ሞት የምንናገረው በሰው አፍ ነው፣ የኔ ልጅ። ዙሪያዋን ይዘን፣ የምትወድቅበትን አይተን። ወረቀት እጇን አይዛትም።»



«ሂጂ አሁን። ወሬ አታብዢ። ፊትሽን ታጠቢ መጀመሪያ።»

በላይ ሱቅ ጓሮ ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ ባጃጁ እስከቻለበት ሄጄ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የማስበው ስለ እትዬ ከድጃ አልነበረም፣ ስለ ራሴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አባቴ ሲሞት ፈተናዬን እስክጨርስ አልነገሩኝም። ሁለት ሳምንት። እናቴ በስልክ «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ትለኝ ነበር። አክስቴ ቀልድ ታወራኝ ነበር። መጥቼ ስረዳ ያለቀስኩት ለአባቴ ብቻ አልነበረም። ያንን ሁሉ ቀን እያወቁ ያሳቁኝን ሰዎች ጠላኋቸው። አክስቴን ዓመት ሙሉ አላናገርኳትም። ዛሬ እኔ አክስቴን ሆኜ ዳገት እወጣለሁ።

ቤቱ የሰርግ ሽር ጉድ ነው። ዳስ ይተከላል፣ በቆርቆሮው ሥር እንጨት ተከምሯል፣ ሴቶች እህል ይለቅማሉ። ስገባ ሁሉም አዩኝ። ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ ለምን እንደመጣሁም ያውቃሉ። ለቀማው ቆም አለና እንደገና ቀጠለ።

እትዬ ከድጃ ግን በሁለት እጃቸው አገላብጠው ሳሙኝ። «የኑሩ አስተማሪ! የመጽሔቷ! ኧረ ግቢ፣ ኧረ ከላይ ተቀመጪ!» አስተማሪው አልነበርኩም፤ ግጥሙን ነው የተቀበልኩት። አላረምኳቸውም።

የማተሚያ ስህተት ብዬ ጀመርኩ፤ አላስጨረሱኝም። «ስህተት ቢኖርበትስ? የኔ ልጅ እጅ ያለበት ነው፣ አልሰጥም» አሉና ሳቁ። መጽሔቷን ከሳጥን አወጧት፣ በነጠላ ተጠቅልላለች። «ይልቅ መጥተሽ የለ፣ አንቺ አንብቢልኝ። ራህማ ቅዳሜ አነበበችልኝ፤ ግን ትቸኩላለች። ሲቃ ይዟት ነው መሰል፣ ሰርጓ ደርሶ።»

ራህማ ቅዳሜ አነበበችላቸው! ቀና ብዬ አየኋት። በር ላይ ቆማለች፣ እጇ እንሶስላ ገብቷል። ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ ቆመች።

አነበብኩ። ምን ላድርግ? ለቀማው ቆመ።

ውሃ እቀዳለሁ ብለሽ ስትወጪ ማለዳ፣
እኔ ሳልነሳልሽ ስንት ቀን ተቀዳ።
ቧንቧ አስገባልሻለሁ በራፍሽ ላይ ድረስ፣
ትንሽ ቀን ታገሺኝ፣ ሄጄ እስክመለስ።

ሌላም አሥር መስመር አለው። ሁሉንም አነበብኩት። ክፍል ውስጥ እንደማነበው፣ ቃሉን ሳልውጥ፣ ቆም የሚባልበት ላይ ቆም እያልኩ። ሁለቱ መስመሮች ላይ ስደርስ መጽሔቷን ዘጋሁ።

«ቧንቧው ቀርቶብኝ እሱ በመጣ» አሉ እትዬ ከድጃ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ግን ፈገግ ብለው ነው። «ስልኩ ከተዘጋ ወር ሊሞላው ነው። ዓረቦቹ ስልክ ይቀማሉ አሉ። ለሰርጉ ቀን እንኳ ይደውል ይሆናል፣ ምን ትያለሽ?»

«ኢንሻላህ» አልኩ። ወላሂ፣ ኢንሻላህ አልኩ!

ልትሸኘኝ የወጣችው ራህማ ናት። ከቅያው አጥር ጀርባ ወሰደችኝ። ከዚያ እጄን ጨበጠችኝ፣ በጣም አጥብቃ።

«አንብቤዋለሁ» አለች። «ግጥሙን ጨርሼ ወደ ታች ልቀጥል ስል አየሁት። አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ይቅርታ ያልኩ ይመስለኛል።

«አጎቴ እንዳይሰሙ። እኔ እንዳወቅሁ ካወቁ ሰርጉ ይቀራል። ሰርጉ ከቀረ እማ ለምን ትለኛለች። ምን እላታለሁ? እሁድ እስኪያልፍ ነው። እችለዋለሁ።» አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ ደግሞ እኔኑ አጽናናችኝ፣ «አብሽሪ» አለችኝ።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። የተለጠፈበት ቅጂ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ሐሙስ

ለጋሽ ይመር ስለ ራህማ ነገርኳቸው። ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። «ሞቱን ለብቻዋ ሰጠናት ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላወራንም።

በላይ ከሰዓት ሐይቅ ድረስ መጣ። አልተቀመጠም። የተረፉትን ቅጂዎች በካርቶን አስቀመጠና «ከሚቀጥለው ጀምሮ ስሜን አውጡ» አለ። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ የምኖረው እዚህ ሐይቅ ነው፣ እሱ ግን በየቀኑ ሱቁ በር ላይ የነዚያን ሰዎች ፊት ያያል። ይገባኛል። ይገባኛል ግን ተናደድኩበት። «አንተም አንብበኸው ነበር እኮ ከመሸጥህ በፊት!» አልኩት።

«አንብቤው ቢሆን ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር» አለ። «ያንቺን ማስታወሻ ማንበብ ካቆምኩ ቆይቻለሁ፣ ዘይነብ። ሁልጊዜ ትክክል ነው ብዬ ነው።»

ይኸኛው ከጩኸቱ ሁሉ በላይ አመመኝ።

አርብ

ጁምዓ። ሶላት ላይ ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ። ለኑሩ ዱዓ ላድርግ ብዬ ጀመርኩና ለራሴ ማድረጌን አገኘሁት። እሁድ ያለችግር እንዲያልፍ፣ እትዬ ከድጃ እንዳይሰሙ፣ እንዳይጠሉኝ። በዚህ ቅደም ተከተል ቢሆን ደግ ነበር። አልነበረም።

ቅዳሜ

ምንም አልጻፍኩም። ልብስ አጠብኩ።

እሑድ

ሰርጉ ላይ ነበርኩ። ባልሄድ እትዬ ከድጃ ይጠይቃሉ ተብሎ ሼህ አሊ በበላይ በኩል ላኩብኝ። በላይም ነበር፤ ከሩቅ ራሳችንን ነቀነቅን።

እንዲህ ያለ ሰርግ አይቼ አላውቅም። ዳሱ ሙሉ ሰው ያውቃል፣ ዳሱ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተነስተው ጨፈሩ። አንዲት ሴት ዘፈን ስታወጣ «ወንድሟ የት አለ» የሚል ግጥም ሊመጣባት ሆነና መሀል ላይ ወደ ሌላ አዞረችው። ሴቶቹ ሁሉ ቶሎ ተቀበሏት። ራህማ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ሙሽራ ማልቀሷ ወግ ነው። ስታለቅስ ማንም አልጠየቃትም።

እትዬ ከድጃ እልልታቸው ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር። አጠገቤ ሲያልፉ ጉንጬን ያዝ አድርገው «የጎደለው ኑሩ ብቻ ነው» አሉኝ።

ማክሰኞ

ትናንት ክፍል ውስጥ ግጥም ማስተማር ነበረብኝ። ሰዋስው አስተማርኩ።

ዛሬ ሙሽሮቹ ለመልስ ወደ እናት ቤት ተጠርተዋል። ሼህ አሊ መርዶው ነገ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው ብለዋል። ራህማም እዚያው ታድራለች። «አንቺም ነይ» ብለውኛል። እንቢ የምልበት ምን አፍ አለኝ?

ረቡዕ

ተነገራቸው።

ጋሽ ይመርም ውጫሌ አብረውኝ አድረው መጡ፣ በዚያ ጉልበታቸው ዳገቱን። ወንዶቹ ከመስጊድ በቀጥታ መጡ። እትዬ ከድጃ ከከብቶቹ በረት በር ላይ ነበሩ። ያንን ሁሉ ሰው ነጭ በነጭ ሆኖ ሲመጣ አዩ። እጃቸው ላይ የነበረው ገመድ ወደቀ። ሴቶቹ ቀድመው ከበቧቸው፣ ሁለቱ ክንዳቸውን ያዙ። ሼህ አሊ «ከድጃ፣ የአላህን ቀድር ተቀበይ። ኑሩ ወደ ጌታው ሄዷል» አሉ።

ጩኸቱን አልጽፈውም።

ትንሽ ሲረጋጉ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «መቼ?»

ሼህ አሊ መሬት መሬት እያዩ ነገሯቸው። እትዬ ከድጃ ዙሪያቸውን አዩ። እያንዳንዱን ሰው፣ ጎረቤቱን፣ ያችን ዘፈን ያወጣችውን ሴት፣ እኔን።

«እልል ስል አያችሁኝ?» አሉ።

ራህማ እግራቸው ሥር ተደፍታ ነበር።

የሰርጉ ዳስ ስላልፈረሰ ለቅሶው እዚያው ተቀመጠ። ጌጡን ብቻ አወረዱት። ቀትር ላይ ተራዬ ደርሶ ፊታቸው ስቀመጥ አንገቴን ደፋሁ። ቀና አደረጉኝ።

«ስታነቢልኝ ታውቂ ነበር?»

ስንት ነገር ማለት እችል ነበር። «አዎ» አልኩ።

«ድምፅሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም» አሉ። አልጮሁም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ሴቶቹ በዓይናቸው ተነሺ አሉኝ፣ ተነሳሁ።

በላይ እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኘን። የጋሽ ይመርን ክንድ እስከ መጨረሻው ይዞ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ጋሽ ይመር «መጽሔቷ ትቁም?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። እውነት አላውቅም። እኔ አክስቴን ይቅር ለማለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያውም የገዛ አክስቴን።

ሐሙስ

ራህማ ደወለች። ድምፅዋ ሰልሏል። ሌሊቱን ከእናቷ ጋር ሁሉንም ተነጋግረዋል፤ ቅዳሜ ማንበቧን፣ መዋጧን፣ ከግጥሙ ሥር ሁለት መስመር መኖሯን፣ ሁሉንም። እናቷ ሳጥኑን አስከፍተው መጽሔቷን አውጥተዋል። ጭናቸው ላይ አድርገዋት ተቀምጠዋል፣ ሰው ሲመጣም አያነሷትም አለችኝ።

«አንብቢልኝ ብላኝ ነበር» አለች ራህማ። «ላነብ ስል እንደገና ከለከለችኝ።»

«ለምን?»

«እሷ ትምጣ አለች። የዘለለችውን ራሷ መጥታ ታንብብልኝ አለች።»

ተቆጥተው ነው ወይስ ሌላ ብዬ ጠየቅኳት። «አላውቅም» አለች። «ነገ ግን ነይ።»

ለርዕሰ መምህሩ ሌላ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ፊቱን እያኮሳተረ ሰጠኝ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የምሄደው። ሁለቱን መስመር በቃሌ አውቃቸዋለሁ፣ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ማታ በራፌን ዘግቼ ድምፄን አውጥቼ ላነባቸው ሞከርኩ። «ባሕር ላይ» እስከሚለው ደረስኩ፣ ከዚያ አላለፍኩም።